መጠጥና ማሪዋና በስሜት፣ በጠባይና በስፖርት ላይ የሚያመጡት ለውጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ መጠጥና ስለ ማሪዋና የሚነሱ ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም። ያዝናናል ወይስ ያስጨንቃል? ከጂም በኋላ አንድ ቢራ ምን ያደርጋል? አጭሶ የሚሮጥ ሰው እንዴት ነው የሚሆነው? እዚህ የሰበሰብናቸው እንደነዚህ ያሉትን ነው። ስብከት የለበትም። አንድ ነገር ግን በየመልሱ ስለሚመጣ ከወዲሁ እንናገረው። ሰው ጠጥቶ ወይም አጭሶ የሚሰማው ነገርና ሰውነቱ ላይ የሚሆነው ነገር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ዳኛ የሚሆነው አንጎል ራሱ ተነክቷልና።

ስጠጣ መጀመሪያ ደስ ይለኛል፤ ቆይቶ ግን ይደብረኛል። ለምን?

አልኮል አንጎል ውስጥ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል። ጋባ የሚባለውን አረጋጊ ኬሚካል ያጠናክራል። ግሉታሜት የሚባለውን አነቃቂ ኬሚካል ደግሞ ያፍናል። በዚያ ላይ የደስታ ስሜት የሚያመጣውን ዶፓሚን ይጨምራል። ሰውየው ሞቅ ይለዋል፣ ምላሱ ይፈታል፣ ሲፈራው የነበረውን ሰው ቀርቦ ያናግራል።

ይህ የሚሆነው በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን እየጨመረ ሳለ ነው። መጠኑ መውረድ ሲጀምር ስሜቱም አብሮ ይወርዳል። ድካም ይመጣል። ሆድ ይብሳል። በትንሽ ነገር መነጫነጭ ይጀመራል። አብዛኛው ሰው ታዲያ ያን የመጀመሪያውን ሙቀት ለመመለስ ሌላ ያስቀዳል። ሙቀቱ አይመለስም፤ የሚጨምረው ስካሩ ነው።

ጉበት ደግሞ አይቸኩልም። በሰዓት የሚያስወግደው በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ይይዛል። ስለዚህ አንዷ ቢራ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ታሠራዋለች። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ይህን አያፋጥንም። ቡና የጠጣ ሰካራም ነቃ ያለ ሰካራም ነው።

«ሲሰክር እውነተኛ ማንነቱ ይወጣል» ይባላል። እውነት ነው?

ብዙም አያስኬድም። አልኮል ቀድሞ ከሚያደክማቸው ነገሮች አንዱ የአንጎል የፊት ክፍል ሥራ ነው። «ቆይ እስቲ፣ ነገስ?» የሚለን ይህ ክፍል ነው። እሱ ሲዳከም የሚወጣው የተደበቀው እውነተኛ ሰው ሳይሆን ግማሽ ሰው ነው። ፍላጎቱ አለ፣ ንዴቱ አለ፣ መመዘኛው ግን የለም።

ክሎድ ስቲልና ሮበርት ጆሴፍስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1990 ይህን በደንብ አብራርተውታል። የሰከረ ሰው ትኩረቱ ይጠባል። የሚታየው አፍንጫው ሥር ያለውና ጎልቶ የወጣው ነገር ብቻ ነው። ስድቧን ይሰማል፤ ነገ ሥራ እንዳለው፣ የሰደበው ሰው የልጅነት ጓደኛው እንደሆነ አይመጣለትም። ለዚህም ነው ያው ሰው፣ በዚያው መጠን ጠጥቶ፣ ሳቅ ባለበት ሲስቅ፣ ግፊያ ባለበት ሲደባደብ፣ ብቻውን ሲቀመጥ ደግሞ የሚያለቅሰው።

የሚጠብቀው ነገርም ይሠራበታል። በ1970ዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አላን ማርላትና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ብልጥ ሙከራ አድርገው ነበር። ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች አልኮል የሌለበት መጠጥ ሰጥተው «ቮድካ አለበት» አሏቸው። ቮድካ የጠጡ የመሰላቸው ሰዎች ጠብታ ሳይቀምሱ ይበልጥ ጠብ አጫሪ ሆነው ተገኙ። «መጠጡ ነው እንዲህ ያደረገኝ» የሚለው ሰበብ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አይሠራም።

በማግስቱ ምንም ሳይፈጠር የሚያስጨንቀኝ ለምንድን ነው?

አንጎል ሚዛኑን መጠበቅ ይወዳል። ሌሊቱን አልኮል ሲያፍነው የቆየውን የማነቃቂያ ሥርዓት እሱም በራሱ በኩል ከፍ ያደርገዋል። አልኮሉ ሲወጣ ከፍ የተደረገው ብቻውን ይቀራል። ልብ ድው ድው ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ስልክ ሲጮህ ያስደነግጣል። በዚህ ላይ የእንቅልፍ ማጣትና የፈሳሽ ማነስ አለ።

«ትናንት ምን ብዬ ይሆን?» የሚለው ጥያቄም ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ብዙና በፍጥነት ከተጠጣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የትዝታ መዝጋቢ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ሰውየው ያወራል፣ ይጨፍራል፣ ሒሳብም ይከፍላል፤ ግን ምንም እየተመዘገበ አይደለም። በኋላ «አስታውስ እንጂ» ብሎ ማስጨነቅ ትርጉም የለውም። ያልተቀዳ ነገር ተመልሶ አይሰማም።

የሚያስቸግረው ጭንቀትን ለማባረር የሚጠጣ ሰው ነው። ማታ ይሻለዋል፣ ጠዋት ከበፊቱ በርትቶ ይጠብቀዋል። እና ማታ እንደገና ይጠጣል።

እንቅልፍ እንዲወስደኝ አንድ ሁለት ብርጭቆ ብወስድስ?

መውሰዱን ቶሎ ይወስዳል። ጥራቱ ነው ችግሩ። አልኮል በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ደረጃ ያሳጥራል። በሁለተኛው አጋማሽ ደግሞ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ሽንት ይመጣል፣ 9 ሰዓት ሌሊት ላይ ዓይን ይፈጣል። ማሪዋናም ይህንኑ የሕልም ደረጃ ይነካል። አዘውትረው ያጨሱ የነበሩ ሰዎች ባቆሙ ሰሞን እንደ ጉድ ሕልም የሚያዩት አንጎል የተከለከለውን ሲያካክስ ነው።

ማሪዋና አንዱን ሰው ሲያረጋጋ ሌላውን ለምን ጥላውን እንዲፈራ ያደርገዋል?

ከሁሉም ጥያቄዎች በጣም የሚያከራክረው ይህ ነው። መልሱ ግን በአብዛኛው መጠኑ ላይ ነው።

የማሪዋና ዋናው የሚያጦዝ ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። ኬሚስቱ ራፋኤል መሹላምና ባልደረባው በ1964 እስራኤል ውስጥ ነጥለው አወጡት። አንጎል ውስጥ የሚይዘው ተቀባይ በ1988 ታወቀ። በ1992 ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ተመሳሳይ ኬሚካል እንደሚሠራ ተገኘ፤ አናንዳማይድ ይሉታል። ቲኤችሲ እንግዲህ ለሌላ የተሠራ መቀመጫ ላይ የሚወጣ እንግዳ ነው። መቀመጫዎቹ ደግሞ በየቦታው ናቸው። ፍርሃትን በሚያስተናግደው ክፍል፣ ትዝታ በሚመዘገብበት፣ ሚዛንና ቅንጅት በሚጠበቅበት። ስለዚህ ውጤቱ ስሜት ላይ ብቻ አይቆምም። ጊዜ ይረዝማል፣ ጀምረውት የነበረ ወሬ መሃል ላይ ይጠፋል፣ ረሃብ ይመጣል።

ቺካጎ ውስጥ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት መጠን የሚያመጣውን ልዩነት ጥሩ አድርጎ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ሰው ፊት የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚመስል ነገርና የቃል ሒሳብ እንዲሠሩ ተደረገ። 7.5 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ የወሰዱት ጭንቀታቸው ቀለል አለ። 12.5 ሚሊ ግራም የወሰዱት ግን ገና ከመጀመሪያው ስሜታቸው ተበላሸ። ልዩነቱ 5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አንድ ሰው ሲጋራ ጠቅልሎ ያን ያህል በጥንቃቄ ሊለካ አይችልም።

በዚያ ላይ ዛሬ ያለው ማሪዋና የድሮው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ ከተያዙ ናሙናዎች ውስጥ የቲኤችሲ መጠኑ በ1995 ወደ 4 በመቶ ነበር። በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሷል። «አባቶቻችን ያጨሱት ነበር፣ ምንም አልሆኑም» የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ሌላ ዕቃ ነው።

ድንጋጤ የያዘው ሰው ካለ ጸጥ ወዳለ ቦታ ውሰዱት፣ ውኃ ስጡት፣ በሰዓታት ውስጥ እንደሚያልፍ ንገሩት። ደረቱን ካመመው ወይም ከእውነታው ከወጣ ግን ወደ ሕክምና።

የሚበላው ከሚጨሰው ይሻላል? ሳንባ አይነካም ብዬ ነው።

ሳንባውን አይነካም። ሌላ ወጥመድ ግን አለው። የተጨሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል። በኬክ ወይም በከረሜላ የተበላው ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ጉበት ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ሌላ ጠንካራ ኬሚካል ይለወጣል። ሰው ታዲያ «ምንም የለውም እኮ» ብሎ ይደግማል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይይዘዋል።

ማሪዋና ሰነፍ ያደርጋል?

በጦዙበት ሰዓት፣ አዎ። ሰዎች ለተሻለ ክፍያ ጠንከር ያለ ሥራ የመምረጥ ፍላጎታቸው እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። ባልተጦዘበት ቀንም ሰነፍ አድርጎ ይተዋል የሚለው ግን ያን ያህል አልተረጋገጠም። አንዳንዱ ጥናት ልዩነት ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም። ቀኑን ሙሉ የሚያጨስ ሰው ግን ያልተጦዘበት ሰዓት ስለሌለው ክርክሩ ለእሱ ብዙም አይጠቅመውም።

ሰካራም ይደባደባል፣ ማሪዋና የሚያጨስ ግን ሰላማዊ ነው ይላሉ። እንዲህ ነው?

ከጥቃት ጋር በብዛት ስሙ የሚነሳው አልኮል ነው፤ ይህ አያከራክርም። ቤት ውስጥም፣ መንገድ ላይም። ከተጨሰ በኋላ ባሉት ሰዓታት ማሪዋና ሰውን ይበልጥ ወደ ዝምታ ነው የሚወስደው።

ነገር ግን «ሰላማዊ» የሚለው ሁሉን አይጨርስም። አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ሲያጣው ነጭናጫ ይሆናል፣ ቤተሰቡም ያውቀዋል። ጥርጣሬ የያዘው ሰው ደግሞ «ሊያጠቁኝ ነው» ብሎ ሊነሳ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ባይበዛም አለ።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ማሪዋና ሞክሯል። ምን ያህል ልጨነቅ?

አንዴ መሞከርና ሱስ አንድ አይደሉም። ቤቱን በጩኸት አትሙሉት። የምትጨነቁበት ምክንያት ግን አለ።

አንጎል ተገንብቶ የሚጠናቀቀው በ20ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው። መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ያ «ቆይ እስቲ» የሚለው የፊት ክፍል ነው። በዚህ ዕድሜ አዘውትሮ ማጨስ ትኩረትና ትዝታ ላይ ይበልጥ ይበረታል፣ ሱስ የመሆን ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። በ2019 በአውሮፓና በብራዚል በሚገኙ 11 ቦታዎች የተሠራ ጥናት በየቀኑ የሚያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ በሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታው በሚያስወጣ የአእምሮ ሕመም፣ የመያዝ ዕድላቸው 3 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ቲኤችሲው የበዛበትን በየቀኑ ለሚወስዱት ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል። በዘር እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ይህን ልጁ በግልጽ ማወቅ አለበት። ድምፅ መስማት፣ ሁሉም ሰው እያየኝ ነው ማለት፣ ክፍል ዘግቶ መቀመጥ ከታየ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

የሚጠቅመው ጥያቄ «ለምን አደረግከው?» ሳይሆን «ምን አገኘህበት?» ነው። ለመተኛት ነው ካለ እንቅልፉ ላይ፣ ለመረጋጋት ነው ካለ ጭንቀቱ ላይ መሥራት ይቻላል።

ከስፖርት በፊት ትንሽ ብቀምስ ድፍረት አይሰጠኝም?

ድፍረቱን ይሰጣል። ታሪክም አለው። በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሃንስ ጉናር ሊልየንዋል የተባለው ስዊድናዊ የዘመናዊ ፔንታትሎን ተወዳዳሪ ሽጉጥ ከመተኮሱ በፊት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ሁለት ቢራ ጠጣ። በኦሊምፒክ ታሪክ በአበረታች ነገር ምክንያት የተሰረዘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቡድኑም የነሐስ ሜዳሊያውን መለሰ። ከእሱ በፊት ደግሞ በ1904 የሴንት ሉዊስ ማራቶን ላይ ቶማስ ሂክስ በመንገዱ ላይ ብራንዲና ስትሪክኒን የተባለ መርዝ እየተሰጠው ሮጧል። አሸነፈ፤ ግን መስመሩን ያለፈው ሰዎች ደግፈውት ነው።

ከተኩስ ውጭ ያለው ስፖርት ላይ ግን ጥቅሙን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ምላሽ ይዘገያል፣ ሚዛን ይዛባል። ጉበት አልኮሉን ሲያስወግድ አዲስ ስኳር መሥራቱን ስለሚቀንስ ረጅም ርቀት ላይ ጉልበት በድንገት ሊከዳ ይችላል። የቆዳ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ሙቀት የተሰማው ሰው በብርድ ውስጥ ሙቀቱን ያጣል። ሕመምም ይደነዝዛል። ጅማቱ እየተቀደደ «ደህና ነኝ» እያለ መሮጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከጂም በኋላ አንድ ቢራስ?

እዚህ ላይ መጠኑን ማየት ያስፈልጋል። በ2014 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 8 ስፖርተኛ ወንዶችን ጠንክረው እንዲሠሩ አድርጎ ከዚያ በኪሎ ግራም ክብደታቸው 1.5 ግራም አልኮል ሰጣቸው። ጡንቻ አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበት ፍጥነት፣ ፕሮቲን ጠጥተውም እንኳ፣ በ24 በመቶ ቀነሰ። ከፕሮቲን ይልቅ ካርቦሃይድሬት ሲወስዱ ደግሞ በ37 በመቶ። የሳምንቱ ድካም አንድ አራተኛው በአንድ ማታ ሄደ ባይባልም ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ያ መጠን ወደ 12 መለኪያ ገደማ ነው፤ ጥንብዝ ብሎ መስከር ማለት ነው። ከሱ ተነስቶ «አንድ ቢራ ጡንቻዬን አጠፋው» ማለት አይቻልም። አንድ ቢራ ጠጥቶ፣ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ የሚተኛ ሰው ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው እራቱን በቢራ የሚተካው ነው።

ፈሳሽ ለመተካትም ቢራ አይመረጥም። አልኮል ኩላሊት ውኃ እንዲይዝ የሚያዝዘውን ሆርሞን ስለሚያፍን የጠጡትን ያህል አይቀርም። አልኮሉ 4 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ይህ በግልጽ ይታያል። ክብደት ለመቀነስ ጂም የገባችሁ ደግሞ አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ እንዳለው ያዙ። ሰውነት አልኮሉን ቀድሞ ያቃጥላል፤ ስቡ ተራ ይጠብቃል።

ትናንት ጠጥቻለሁ፤ ዛሬ ሮጬ ላብ ባደርገው አይወጣልኝም?

አይወጣም። በላብ፣ በሽንትና በትንፋሽ ሳይለወጥ የሚወጣው አልኮል ሁሉም ተደምሮ ከ10 በመቶ አይበልጥም። የቀረው የጉበት ሥራ ነው። ሀንጎቨር ላይ ሆኖ ላብ ማውጣት ያነሰውን ፈሳሽ ይበልጥ ያሳንሳል።

ልብም አለ። ሐኪሞች በ1978 ከበዓልና ከዕረፍት ቀናት በኋላ የልብ ምታቸው ተዛብቶ የሚመጡ ጠጪዎችን ለይተው ጻፉ። ሌላ የልብ ሕመም የሌለበት ሰው እንኳ በአንድ ምሽት ብዙ ጠጥቶ ሊያጋጥመው ይችላል። ልባችሁ ከወትሮው ውጭ ከተንፈራገጠ ጫማችሁን አውልቁ። ደህና ከሆናችሁ ግን በእግር መንሸራሸር ይበቃል። ክብደት ማንሳቱ ለነገ ይቆይ።

አጭሰው የሚሮጡ ሰዎች አሉ። ይጠቅማቸዋል?

አሉ፤ ጥቂትም አይደሉም። ማሪዋና በሕግ በተፈቀደባቸው የአሜሪካ ግዛቶች ተጠቃሚዎችን የጠየቀ የ2019 ጥናት ከ10ሩ 8ቱ ከስፖርት ጥቂት ቀደም ብለው ወይም ወዲያው በኋላ እንደሚወስዱ አግኝቷል። አብዛኞቹ «ስፖርቱን ያስወድደኛል» ብለዋል።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በትሬድሚል ሞከሩት። 42 ሯጮች አንዴ ተጠቅመው፣ አንዴ ሳይጠቀሙ ሮጡ። ውጤቱ በ2023 ወጣ። ሲጠቀሙ ሩጫው ይበልጥ ደስ አላቸው። ነገር ግን ቲኤችሲው የበዛበትን የወሰዱት ያንኑ ሩጫ ይበልጥ ከባድ ሆኖ አገኙት። ፍጥነት ወይም ጉልበት ጨመረላቸው የሚል ነገር የለም።

ከባድ የሚሆነው በምክንያት ነው። ቲኤችሲ የልብን ምት ያፋጥናል። ገና መሮጥ ሳይጀመር ልብ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ጢሱ ኦክስጅን የሚይዘውን የደም ክፍል በካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላል። ቅንጅትና የርቀት ግምትም ይዛባል። በትሬድሚል ላይ ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ብስክሌት ላይ፣ ከባድ ብረት ሥር ወይም ገደል ላይ ግን ሌላ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ጨርሶ አይሞክረው።

አስቂኙ ነገር ሩጫ ራሱ ይህን ደስታ መስጠቱ ነው። ለረጅም ጊዜ የሯጮች ደስታ ኢንዶርፊን ከሚባለው የሰውነት የራሱ ሕመም ማስታገሻ ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። በ2003 ከሩጫና ከብስክሌት በኋላ ደም ውስጥ አናንዳማይድ እንደሚጨምር ታየ። በ2021 የወጣ ሙከራ ደግሞ የኢንዶርፊንን መንገድ በመድኃኒት ዘግቶ ሰዎችን አስሮጠ። ደስታው አልቀረም። የማሪዋና መቀመጫ ላይ የሚቀመጠው የሰውነት ኬሚካል ከ45 ደቂቃ ሩጫ በኋላ በነጻ ይመጣል፤ ጢስ የለው፣ የጠዋት ጣጣ የለው።

ተወዳዳሪ ስፖርተኛ ነኝ። በምርመራ ይገኝብኛል?

ማሪዋና በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ንጥረ ነገሮች ኤጀንሲ፣ በዋዳ ዝርዝር ውስጥ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። ገደቡ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 150 ናኖ ግራም ነው። ሲቢዲ የሚባለው የማያጦዝ የማሪዋና ንጥረ ነገር ከ2018 ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ገበያ ላይ ያሉ የሲቢዲ ዘይቶች ግን ቲኤችሲ ሊቀላቀልባቸው ስለሚችል «የተፈቀደ ነው» ብሎ መተማመን ያስቸግራል። አልኮልም በዚያው ዓመት ከዝርዝሩ ወጥቶ ቁጥጥሩ ለየፌዴሬሽኖቹ ተትቷል።

ችግሩ ቲኤችሲ ስብ ውስጥ መደበቁ ነው። አልፎ አልፎ የሚያጨስ ሰው በቀናት ውስጥ ይጠራል። በየቀኑ የሚያጨስ ግን ካቆመ ከወር በኋላም ሊገኝበት ይችላል። በ1998 የናጋኖ ክረምት ኦሊምፒክ ካናዳዊው ሮስ ሬባግሊያቲ በስኖውቦርድ ወርቅ ካገኘ በኋላ በዚህ ምክንያት ተነጥቆ ነበር። ማሪዋናው በወቅቱ ለዚያ ስፖርት በግልጽ ስላልተከለከለ ተመለሰለት። አሜሪካዊቷ ሻካሪ ሪቻርድሰን ግን በ2021 የ100 ሜትር ማጣሪያውን አሸንፋ በአንድ ወር ቅጣት ከቶኪዮ ቀረች። የወላጅ እናቷን ሞት በሰማችበት ሰሞን ሐዘኑን ለመቋቋም እንደወሰደች ተናግራለች። በ2023 ቡዳፔስት ላይ የ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ሁለቱን አብሮ መውሰድስ?

አንድና አንድ ሁለት አይሆንም፤ ከዚያ ይበልጣል። አልኮል ቀድሞ ሲጠጣ ደም ውስጥ የሚገባው ቲኤችሲ ከፍ ይላል። ማዞር፣ ላብ፣ ማስመለስና መውደቅ የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው።

መንዳትስ?

አይሆንም። የጠጣ ሰው ችሎታውን አጋኖ ይገምታል፣ ይፈጥናል። ያጨሰው በተቃራኒው ቀስ ይላል፤ መስመሩን ግን መጠበቅ ያቅተዋል፣ ድንገት ለሚገባበት ነገርም ይዘገያል። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ማስተማመኛ አይደለም። ሁለቱን የወሰደ ሰው ደግሞ ቁልፉን ለሌላ ይስጥ።

ማሪዋና ማቅለሽለሽ ያስታግሳል ይባላል፤ እኔን ግን ያስታውከኛል።

ለዓመታት አዘውትረው ያጨሱ አንዳንድ ሰዎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ የተገለጸ በሽታ ነው። ዙር እየጠበቀ የሚመጣ ከባድ ትውከት አለው፤ ብዙዎቹ እፎይ የሚሉት ሙቅ ሻወር ሥር ሲቆሙ ብቻ ነው። ለሐኪሙ ማጨሳችሁን ካልነገራችሁ ወራት በጨጓራ ምርመራ ያልፋል። የሚያድነው ማቆም ነው።

ማቆም ጀምሬ ስሜቴ ተዘበራረቀ። እስከ መቼ ነው?

ማሪዋና ከሆነ፣ መነጫነጩ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይጀምራል። በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ አብዛኛው ያልፋል። ደስ አይልም፣ ግን አይገድልም።

አልኮል ሌላ ነው። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም በሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል በሽታ ሊነሳበት ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳትና ከባድ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። ይህ ይገድላል። ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብቻውን «ዛሬ ተውኩ» እንዳይል፤ ሐኪም እየተከታተለው ቀስ ተብሎ ነው የሚቆመው።

ስፖርት በዚህ ወቅት ይረዳል። በ2011 አሜሪካ ባለው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ማሪዋና በብዛት የሚያጨሱና ለማቆም ያላሰቡ 12 ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ 10 ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ ትሬድሚል ላይ ሠሩ። ፍላጎታቸውም አጠቃቀማቸውም ከግማሽ በላይ ቀነሰ። 12 ሰው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ወጪው ጥንድ ጫማ የሆነ ነገር መሞከሩ አይከፋም።

ጓደኛችን ጠጥቶ ወድቋል፤ ይተኛበት ብንለውስ?

ብቻውን አትተዉት። ሆዱ ውስጥ ያለው ገና ወደ ደም እየገባ ስለሆነ ተኝቶም ስካሩ ሊብስበት ይችላል። በጎኑ አስተኙት፤ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው። ቡና አታጠጡት፣ ጣት ሰዳችሁ አታስመልሱት፣ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉበት።

ጠርታችሁት ወይም ቆንጥጣችሁት ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ በትንፋሹ መካከል 10 ሰከንድ ካለፈ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ አምቡላንስ ጥሩ። አጭሶም ከሆነ፣ የእንቅልፍ ወይም የሕመም ማስታገሻ ክኒን ውጦም ከሆነ ለሐኪሞቹ ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ የሚሰጡት ሕክምና በዚያ ሊለወጥ ይችላል።